ለዘር የተከፈለ ሕይወት፦ ኒኮላይ ቫቪሎቭና የኢትዮጵያ እህል

ከጊንጪ እስከ አምቦ፣ ከጉደር እስከ ባኮ ያለው ገበሬ በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ የሚያየው ለውጥ አለ። አበባው ይረግፋል፣ ፍሬ ይተካል፣ እሸቱ ደርቆ ዘር ይሆናል። ይህን ለውጥና ከእርሱ የሚገኘውን ዘር ዕድሜ ልኩን ሲመረምር የኖረ አንድ ሩሲያዊ ሊቅ ነበር፤ ኒኮላይ ኢቫኖቪች ቫቪሎቭ። በ1919 ዓ.ም ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በበቅሎ እየተጓዘ ከየማሳው፣ ከየአውድማውና ከየገበያው የሰበሰበው እህል ኢትዮጵያን ከዓለም የሰብል መገኛዎች መካከል በሳይንስ መዝገብ አስፍሯታል። የሰውን ልጅ ከረሀብ ለማውጣት ዘር ሲሰበስብ የኖረው ይህ ሰው በመጨረሻ በእስር ቤት በምግብ እጦት ተጎድቶ ሞተ።

ልጅነትና ትምህርት

ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 25 ቀን 1887 በሞስኮ ከተማ ተወለደ። አባቱ ከገጠር ድኻ ቤተ ሰብ ወጥቶ በጨርቅ ንግድ የከበረ ሰው ነበር። ታናሽ ወንድሙ ሰርጌይ ኋላ የታወቀ የፊዚክስ ሊቅ ሆኖ የሶቪየት ኅብረትን የሳይንስ አካዳሚ በፕሬዚዳንትነት መርቷል። ኒኮላይ ገና ሕፃን ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1891 እና በ1892፣ በሩሲያ ገጠሮች ብዙ ሕዝብ የፈጀ ረሀብ ደረሰ። ኢትዮጵያም በዚያው ዘመን፣ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም፣ ክፉ ቀን እየተባለ የሚታወሰውን መከራ ታሳልፍ ነበር። የከብት በሽታ የእርሻ በሬዎችን ጨርሶ ማሳው ጦም አደረ፤ ለዘር ሊቆይ የሚገባው እህልም ተበላ። ቫቪሎቭ ያደገው እንግዲህ የእህል መጥፋት ምን እንደሚያደርስ በቅርቡ በታየበት አገር ነው።

በሞስኮ የግብርና ተቋም በተማረበት ጊዜ አስቀድሞ ሰብል የሚያጠፉ ተባዮችን አጠና። ቀጥሎም ሐሳቡን የሳበው አንድ ጥያቄ ሆነ፤ በአንድ ማሳ ጎን ለጎን ከተዘሩ ስንዴዎች አንዱ በዋግ ሲመታ ሌላው ሳይነካ የሚቀረው ለምንድን ነው? መልሱን ፍለጋ እ.ኤ.አ. በ1913 ወደ እንግሊዝ ሄዶ ከታዋቂው የዘር ውርስ ተመራማሪ ዊልያም ቤትሰን ዘንድ ተማረ። ቤትሰን የኦስትሪያዊውን መነኩሴ የግሪጎር ሜንዴልን ግኝት ለዓለም ካስተዋወቁት ግንባር ቀደሙ ነበር። ሜንዴል በገዳሙ አትክልት ቦታ አተር እያዳቀለ የፍሬው ቅርጽና ቀለም ከወላጆች ወደ ልጆች በተወሰነ ሕግ እንደሚተላለፍ አሳይቷል። ቫቪሎቭ ከዚህ ተነሥቶ በሽታን የመቋቋም ኃይልም በዘር የሚወረስ ሀብት ነው ወደሚለው ድምዳሜ ደረሰ። ስለ ዕፅዋት በሽታን የመከላከል ኃይል የጻፈው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1919 ታትሞ ወጣ።

እንክርዳድ የመራው መንገድ

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር ወደ አገሩ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ1916 በሰሜን ፋርስ የሠፈሩ የሩሲያ ወታደሮች ዳቦ እየበሉ ራሳቸውን ያዞራቸውና ይታመሙ ስለነበር መንስኤውን እንዲመረምር ወደዚያው ተላከ። ምክንያቱ የኢትዮጵያ ገበሬም አሳምሮ የሚያውቀው እንክርዳድ ሆኖ ተገኘ። ስንዴው ከእንክርዳድ ጋር ተፈጭቶ ነበር፤ ሻጋታም ተጨምሮበታል። እንክርዳድ ከስንዴ ጋር አብሮ ይበቅላል፣ አብሮ ያፈራል፣ ፍሬውም የስንዴን ያህል ስለሚሆን በማበጠር ለመለየት ያስቸግራል።

ቫቪሎቭ የተላከበትን ፈጽሞ ወዲያው አልተመለሰም። ጉዞውን ወደ ፓሚር ተራሮች ቀጠለ። በዚያም አንድ ነገር አስተዋለ። በሩሲያ ሜዳ ለብዙ ቀን በእግር ቢኬድ አንድ ዓይነት ስንዴ ብቻ ሲታይ፣ በተራራው ላይ በምትገኝ ጠባብ ማሳ ግን ቁመቱ፣ ቀለሙ፣ ዛላውና ፍሬው የተለያየ ስንዴ ተደባልቆ በቅሏል። አንድ ሰብል ከሁሉ ይበልጥ ተለያይቶ የሚገኝበት ስፍራ ሰው ሰብሉን ለመጀመሪያ ጊዜ ያለመደበት ቦታ መሆን አለበት የሚለው ሐሳብ በዚህ ጉዞ ተጠነሰሰ። እ.ኤ.አ. በ1920 ደግሞ በሳራቶቭ ከተማ በተካሄደ ጉባኤ ላይ ዘመዳሞች የሆኑ ዕፅዋት ተመሳሳይ የመለያየት መንገድ እንደሚከተሉ የሚገልጽ ሕግ አቀረበ። በዚህ ሕግ መሠረት በአንዱ የስንዴ ዘር የታየ ጠባይ በዘመዱም ዘንድ ይገኛል ተብሎ ይጠበቃል። በተከታዩ ዓመት ወደ ፔትሮግራድ፣ ኋላ ሌኒንግራድ ወደተባለችው ከተማ፣ ተዛውሮ የተግባራዊ ዕፅዋት ጥናት ክፍልን መምራት ጀመረ።

አበባ ዘር የሚሆንበት ምሥጢር

የቫቪሎቭን ሥራ ለመረዳት ወደ ከረጢቱ ያስገባት የነበረችው አንዲት ፍሬ እንዴት እንደምትፈጠር ማወቅ ያስፈልጋል። የዚህን ዋና ምሥጢር እ.ኤ.አ. በ1898 የገለጠው የአገሩ ሰው ሰርጌይ ናቫሺን ነበር።

አበባ ሁለት ዋና አካላት አሉት። ወንዴው አካል ብናኝ ያዘጋጃል። ሴቴው አካል ከላይ ብናኝ የሚቀበል ጫፍ፣ ከሥር ደግሞ እንቁላል የያዘ ቋት አለው። ብናኙ በነፋስ ወይም በንብ ተጉዞ፣ አለዚያም እዚያው አበባው ውስጥ ተራግፎ ከሴቴው ጫፍ ላይ ሲያርፍ፣ እንደ ክር የቀጠነ ቱቦ አውጥቶ ወደ ቋቱ ይወርዳል። በቱቦው ውስጥ ሁለት የወንዴ ሕዋሳት ይጓዛሉ። አንደኛው ከእንቁላሉ ጋር ተዋሕዶ ፅንስ ይሆናል፤ ነገ ሥርና ቅጠል የሚያወጣው ይኸው ፅንስ ነው። ሁለተኛው በአቅራቢያው ካለ ሌላ የሴቴ ሕዋስ ጋር ተዋሕዶ የፅንሱን ስንቅ ያበጃል። የስንዴ ነጭ ዱቄት የሚገኘው ከዚህ ስንቅ ነው። ናቫሺን ያገኘው ይህን ጥንድ ፅንሰት ነበር።

ፅንሰቱ ከተፈጸመ በኋላ አበባው ሥራውን ጨርሶ ይጠወልጋል። የእንቁላሉ ሽፋን የዘሩ ልባስ ይሆናል፤ ቋቱም አድጎ ፍሬ ይሆናል። በባቄላና በአተር ቋቱ ረዝሞ ዘሮቹን በረድፍ የሚይዝ አረንጓዴ ከረጢት ይሠራል። በዱባ፣ በበርበሬና በቲማቲም ሥጋ አውጥቶ ይወፍራል። በቡና ቀዩ ልጣጭ ከቋቱ የተገኘ ሲሆን፣ ተቆልቶ የሚጠጣው በውስጡ ያለው ዘር ነው። በስንዴ፣ በገብስና በጤፍ ግን ቋቱ እንደ ስስ ቆዳ ሆኖ ከዘሩ ልባስ ጋር አብሮ ይጣበቃል። ስለዚህ ገበሬው ዘር ብሎ የሚበትነው እያንዳንዱ የስንዴ ቅንጣት በእውነቱ ዘሩን በውስጡ የያዘ ሙሉ ፍሬ ነው።

ፍሬው የሚሞላውም በደረጃ ነው። አስቀድሞ ውኃ፣ ቀጥሎ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ይይዛል፤ ከዚያ እንደ ሊጥ ይጠነክራል፤ በመጨረሻም ደርቆ ይጸናል። እሸት ሆኖ የሚጠበሰው ሳይደርቅ በፊት ነው። በእነዚህ ሳምንታት ቅጠሉ፣ አገዳውና ከዛላው ላይ የሚወጣው ሹል ጢም ከፀሐይ ብርሃን የሠሩትን ምግብ ሁሉ ወደ ፍሬው ይልካሉ። በዚህ ጊዜ ዋግ ከገባ ለፍሬው የታሰበውን ምግብ ይቀማል፣ ፍሬውም ጨማዳና ቀላል ሆኖ ይቀራል። ቫቪሎቭን በወጣትነቱ የያዘው የዋግ ጥያቄ ከዘር አፈጣጠር ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው።

የፅንሰቱ መንገድ ከሰብል ሰብል ይለያያል። ስንዴና ገብስ በአብዛኛው አበባቸው ሳይከፈት በራሳቸው ብናኝ ይፀንሳሉ። ኑግ በአንጻሩ የራሱን ብናኝ ስለማይቀበል ከሌላ የኑግ ተክል ብናኝ የሚያመጣለት ንብ ያስፈልገዋል። በቆሎ ወንዴውን ከአናቱ፣ ሴቴውን ከአገዳው ጎን ያወጣል፤ ከራሱ ላይ የሚወርደው እያንዳንዱ ፀጉር ወደ አንድ ፍሬ የሚወስድ መንገድ ነው፤ ብናኝ ያላገኘ ፀጉር ባዶ ቦታ ትቶ ያልፋል። በራሱ ብናኝ የሚፀንስ እህል ልጁ እናቱን ይመስላል። በመሆኑም በአንድ የስንዴ ማሳ ውስጥ ነጭ፣ ቀይና ጥቁር ፍሬ ያላቸው ዘሮች ለብዙ ትውልድ ጎን ለጎን ሲኖሩ አንዱ በሌላው ውስጥ አይጠፋም። ቫቪሎቭ በተራራ አገሮች ያየው ድብልቅ ማሳ ተጠብቆ የቆየው በዚህ ተፈጥሯዊ ጠባይና ድብልቁን ሳይንቅ በዘራው ገበሬ ነው።

በበቅሎ በኢትዮጵያ ምድር

ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1924 አፍጋኒስታንን ዞሮ ካጠና በኋላ ቀጣዩን ትልቅ ጉዞ ወደ ሜዲትራንያን አገሮችና ወደ ኢትዮጵያ አደረገ። በ1919 ዓ.ም በጅቡቲ በኩል ገብቶ አዲስ አበባ ደረሰ። ኢትዮጵያና ሶቪየት ኅብረት በዚያን ጊዜ የዲፕሎማሲ ግንኙነት አልነበራቸውም፤ ይሁን እንጂ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ተቀብለው አነጋገሩት፤ የጉዞ ፈቃድም አገኘ። በቅሎዎችን ጭኖ፣ አጃቢዎችን ይዞ ወደ ሰሜን ተነሣ። በጣና ሐይቅ አካባቢ፣ በጎንደርና በአክሱም አድርጎ በአስመራ በኩል ወጣ።

የመጣበት ወቅት የመኸሩ እህል ተወቅቶ ወደ ገበያ የሚወጣበት በመሆኑ ለሥራው የተመቸ ነበር። ከአውድማ እፍኝ ፍሬ፣ ከማሳ ዛላ፣ ከገበያ ከየእህሉ ናሙና እየወሰደ፣ የተገኘበትን ቦታና የገበሬውን የአስተራረስ ዘዴ እየመዘገበ ተጓዘ። በመጨረሻ ወደ ሌኒንግራድ የላከው ናሙና ወደ 6,000 ይጠጋ ነበር።

ከሁሉ ይበልጥ ያስደነቀው ስንዴው ነው። በሌላው ዓለም ያልተለመደ ሐምራዊ ፍሬ ያለውና ገበሬው ጥቁር ስንዴ የሚለው ዘር በኢትዮጵያ ማሳዎች እንደ ተራ እህል ይዘራ ነበር። ይህ ቀለም የሚገኘው ከቋቱ በተሠራው የፍሬው ውጫዊ ቆዳ ላይ ነው። ቆዳው የእናቲቱ አካል ስለሆነ፣ አንዲት ቅንጣት በውስጧ የእናትና የአባት ልጅ የሆነ ፅንስ ይዛ ከላይ ግን የእናቷን ልብስ ለብሳ ትታያለች። በሰሜኑ ክፍል ደግሞ ጢም የሌለው የማካሮኒ ስንዴ አገኘ። የማካሮኒ ስንዴ በየአገሩ የሚታወቀው በረዥም ጢሙ ነበርና ይህ ግኝት ዘመዳሞች የሆኑ ዕፅዋት ተመሳሳይ መለያየት ያሳያሉ የሚለውን ሕጉን አጠናከረለት። ገብሱም ጥቁሩና ነጩ፣ ባለ ሁለት ረድፉና ባለ ስድስት ረድፉ በአንድ አገር ተሰብስቦ ይገኝ ነበር።

ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1935 ባወጣው ሥራ የዓለምን ሰብሎች መገኛ በስምንት ማዕከላት ሲከፍል ኢትዮጵያን ከእነዚህ አንዷ አድርጎ አስቀመጣት። ጤፍ፣ ኑግ፣ ዳጉሳ፣ ጎመንዘር፣ እንሰትና ቡና ከማዕከሉ ሰብሎች መካከል ተቆጠሩ። ስንዴና ገብስን በሚመለከት ግን የኋላ ተመራማሪዎች ሐሳቡን አርመውታል። የሁለቱ እህሎች የዱር ወላጆች የሚገኙት በመካከለኛው ምሥራቅ ስለሆነ፣ ኢትዮጵያ ለእነርሱ የልደት አገር ሳትሆን ከጥንት ጀምሮ ተቀብላ ያባዛችና ያለያየች ሁለተኛ አገር ናት። ይህ እርማት የኢትዮጵያን ገበሬ ድርሻ ከፍ ያደርገዋል፤ በእንግድነት የመጣን እህል በደጋውና በወይና ደጋው፣ በጥቁሩ አፈርና በቀዩ አፈር እየመረጠ ይህን ያህል ያበዛው እርሱ ነውና።

ከሥልጣን ጋር የተፈጠረ ግጭት

ቫቪሎቭ ከኢትዮጵያ መልስ ቻይናን፣ ጃፓንን፣ ሜክሲኮንና የደቡብ አሜሪካ አገሮችን ጎበኘ። የሚመራው ተቋም በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከ200,000 በላይ የዘር ናሙና የያዘ፣ በዓለም ተወዳዳሪ የሌለው የዘር ግምጃ ቤት ሆነ። ዕቅዱም ግልጽ ነበር፤ ዋግን የሚችለውን፣ ውርጭን የሚታገሠውን፣ ድርቅን የሚቋቋመውን ዘር ከየአገሩ አምጥቶ እያዳቀሉ ለሩሲያ ገበሬ ተስማሚ እህል ማውጣት። ነገር ግን ይህ ሥራ የዓመታት ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው።

የጊዜው መንግሥት ትዕግሥት አልነበረውም። ገበሬው በግዳጅ በጋራ እርሻ እንዲደራጅ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1932 እና በ1933 በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ በረሀብ አለቀ። በዚህ መካከል ትሮፊም ሊሴንኮ የተባለ የግብርና ባለሙያ በአጭር ጊዜ ተአምር እንደሚያሳይ ተስፋ እየሰጠ ተነሣ። የክረምት ስንዴን ዘር አርጥቦና አቀዝቅዞ በጸደይ ቢዘሩት ቶሎ እንደሚዘረዝር ያሳየው ሙከራ መነሻ ነበረው። ሊሴንኮ ግን ከዚያ አልፎ የሜንዴልን የውርስ ሕግ ካደ፤ ዕፅዋት በአካባቢያቸው ተጽዕኖ እንደተፈለገው ይለወጣሉ አለ። ስታሊንም ደገፈው። ቫቪሎቭ መጀመሪያ ሥራውን በበጎ ዓይን አይቶለት ነበር፤ የውርስን ሕግ መካዱን ባየ ጊዜ ግን በአደባባይ ተቃወመው፤ የሚመጣበትን እያወቀም ከሐሳቡ ንቅንቅ አላለም።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 6 ቀን 1940 በምዕራብ ዩክሬን ዕፅዋት በመሰብሰብ ላይ ሳለ ተያዘ። ባልደረቦቹ ትቶት የሄደውን ከረጢት ሲፈትሹ የመጨረሻውን ግኝቱን፣ የጥንት ዓይነት ስንዴ ዛላ፣ አገኙበት። በስለላና ግብርናን በማሰናከል ተከሶ እ.ኤ.አ. በጁላይ 1941 የሞት ፍርድ ተፈረደበት፤ በዓመቱ ፍርዱ ወደ 20 ዓመት እስራት ተለወጠ። በምግብ እጦት ሰውነቱ አልቆ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 26 ቀን 1943 በሳራቶቭ እስር ቤት ሞተ። የሞተባት ከተማ በወጣትነቱ ፕሮፌሰር ሆኖ ያስተማረባት፣ ታላቁን ሕጉንም ለዓለም ያሰማባት ነበረች። ዕድሜው 55 ነበር።

በረሀብ መካከል የተጠበቀ ዘር

ቫቪሎቭ በእስር ላይ ሳለ ሌኒንግራድ በጀርመን ጦር ተከበበች። ከበባው ከሴፕቴምበር 1941 እስከ ጃንዋሪ 1944 (እ.ኤ.አ.) ቆይቶ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ በረሀብና በብርድ አለቀ። በተቋሙ ሕንጻ ውስጥ ብዙ ቶን ሩዝ፣ ስንዴ፣ በቆሎ፣ አተርና ለውዝ ተቀምጦ ነበር። ሠራተኞቹ ዘሩን ከአይጥና ከቅዝቃዜ እየጠበቁ፣ ራሳቸው ግን አንዲት ቅንጣት ሳይቀምሱ፣ በየተራ ወደቁ። የለውዝ ዘሮችን የሚጠብቀው አሌክሳንደር ሽቹኪን በሥራ ጠረጴዛው ላይ ሳለ ሞተ። የሩዝ ክፍሉ ኃላፊ ዲሚትሪ ኢቫኖቭ በሺዎች በሚቆጠሩ የሩዝ ጥቅሎች ተከቦ በረሀብ አለፈ።

ይህ ታሪክ ዘር የተበላበትን ቀን የሚያውቅ ገበሬ ያለ ማብራሪያ የሚረዳው ነው። በ1977 ዓ.ም ድርቅ በሰሜን ኢትዮጵያ ለቀጣዩ ዓመት የተቀመጠ ዘር ተበልቶ ወይም ተሸጦ፣ ዝናቡ ሲመለስ የሚዘራ የጠፋበት ቤት ብዙ ነበር። ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ በእርዳታ የሚሰጥ ዘርም ለአካባቢው አፈርና አየር ላይስማማ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1976 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የኢትዮጵያ የዘር ሀብት ማዕከል፣ የዛሬው የብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት፣ በዚህ ጊዜ የአገሬውን ዘር ከየአካባቢው ሰብስቦ በማትረፍ ትልቅ ሥራ ሠራ። ማዕከሉን የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ የገበሬው ማሳ ራሱ የዘር መጠበቂያ መሆን አለበት ብለው በመሥራታቸው እ.ኤ.አ. በ1989 ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል።

ከአምቦ ማሳ ጋር ያለው ዝምድና

ቫቪሎቭ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1955 ክሱ ሐሰት መሆኑ ታውቆ ስሙ ታደሰ። ከዓመታት በኋላ በደርግ ዘመን ኢትዮጵያና ሶቪየት ኅብረት ተስማምተው በአምቦ የዕፅዋት በሽታ ላቦራቶሪ አቋቋሙ። ኋላ የዕፅዋት ጥበቃ ምርምር ማዕከል የሆነው ይህ ተቋም ከመረመራቸው በሽታዎች አንዱ የስንዴ ዋግ ነው። ቫቪሎቭን ወደ ሳይንስ የሳበው ጥያቄ በዚህ መንገድ አምቦ ደርሷል።

ጥያቄው ያረጀ አይደለም። በ2003 ዓ.ም ቢጫ ዋግ ተነሥቶ በሰፊው ይዘራ የነበረውን ኩብሳ የተባለ ስንዴ መታ። ቢጫ ዋግን ስለሚችል ብዙ ገበሬ የተቀበለው ዲገሉ ደግሞ በ2006 ዓ.ም በባሌና በአርሲ በግንድ ዋግ ተጎዳ። ሰፊ መሬት በአንድ ዓይነት ዘር ሲሸፈን፣ ያን ዘር የሚጥል አንድ ዓይነት ዋግ ሁሉንም ይጥለዋል። የጥንቱ ድብልቅ ማሳ ምርቱ ከምርጥ ዘር ቢያንስም ሁሉም በአንድ ቀን አይወድቅም። አዲስ ምርጥ ዘር ማውጣት የሚፈልግ ተመራማሪም ዋግን የሚችለውን ጠባይ የሚፈልገው ከዚሁ ከድሮው ዘር ነው። ከኢትዮጵያ ገብስ የተገኙ በሽታን የመቋቋም ጠባዮች ለአሜሪካና ለአውሮፓ የገብስ እርሻ መድኅን ሆነዋል።

የአበባን ጠባይ ማወቅ ያመጣው ለውጥም በኢትዮጵያ ታይቷል። የጤፍ አበባ ጥቃቅን ከመሆኑ የተነሣ ማዳቀል አይቻልም ተብሎ ለረዥም ጊዜ ታምኖ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ታረቀ በርሄ አበባው ማለዳ ለአጭር ጊዜ እንደሚከፈት ካገኙ በኋላ ማዳቀል ተቻለ። በደብረ ዘይት የተዳቀለውና በ1998 ዓ.ም የወጣው ቁንጮ የተባለው ጤፍ የዚህ ፍሬ ነው። በምዕራብ ሸዋ ደግሞ የባኮ ምርምር ማዕከል ወንዴውንና ሴቴውን ለይቶ የሚያወጣውን የበቆሎ ጠባይ ተጠቅሞ የባኮን ስም የያዙ ድቅል በቆሎዎችን ለአገር አበርክቷል።

ከዚህ ሁሉ ለገበሬው የሚተርፍ ተግባራዊ ትምህርት አለ። የስንዴ፣ የገብስና የጤፍ ዘር ልጁ እናቱን ስለሚመስል ከጎተራ ከመዛቅ ይልቅ አጨዳው ሳይጀመር በማሳው ተዘዋውሮ ጤናማውንና ያማረውን ዛላ መርጦ ለብቻ መውቃት ይጠቅማል። በዋግ የተጨማደደ ፍሬ ለፅንሱ የሚበቃ ስንቅ ስለማይኖረው ቡቃያው ደካማ ይሆናል። ነቀዝ ፅንሱን የበላበት ፍሬ ምንም ቢያምር አይበቅልም፤ ስለዚህ ከመዝራት በፊት 100 ፍሬ ቆጥሮ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ስንቱ እንደበቀለ ማየት ኪሳራን ያስቀራል። ድቅል በቆሎ ግን ከራሱ ምርት ቢዘራ ጉልበቱ ስለሚቀንስ ዘሩ በየዓመቱ አዲስ መሆን ይኖርበታል። ኑግ ባበበበት ሰሞን ፀረ ተባይ የረጨ ገበሬ ፍሬ የሚያስይዝለትን ንብ ያጣል።

የሌኒንግራዱ ተቋም ዛሬ በቫቪሎቭ ስም ይጠራል፤ ከተማዋም ወደ ቀድሞ ስሟ ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ተመልሳለች። በዚያ ያሉ ዘሮች በመደርደሪያ ላይ ለዘለዓለም አይቆዩም። በውስጣቸው ያለው ፅንስ ሕያው ስለሆነ ቀስ በቀስ ያረጃል፤ ስለዚህ በየተወሰነ ዓመት ተዘርተው፣ አብበውና አፍርተው አዲሱ ፍሬ በአሮጌው ቦታ ይተካል። ቫቪሎቭ የሰበሰበው ሀብት እስከ ዛሬ የኖረው በዚህ መንገድ ነው። በምዕራብ ሸዋም ቢሆን የአያት ዘር የሚኖረው አንድ ሰው በዚህ ክረምት ከዘራው ብቻ ነው።